የዴርቶጋዳ አንባቢዎች ምን አገኙበት?

«ተረት ነው፣ ተዉት» ማለት ቀላል ነው። «ድግምት አለበት፣ አትንኩት» ማለትም እንዲሁ። የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለዶች በአገልጋዮች መካከል ሲነሡ የምሰማው ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ከተናጋሪዎቹ መካከል ግን መጽሐፎቹን ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው። እርስዎ የወጣቶችን ፕሮግራም የሚመሩ ከሆነ ጉዳዩን እንዲህ በአጭሩ ሊዘጉት አይችሉም። ዴርቶጋዳ ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። በሳሪስ አቦ ታክሲ ተራ መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚያዞሩ ልጆች ዛሬም ይዘውት ያልፋሉ፤ በመዘምራን ቦርሳ ውስጥም አይቼዋለሁ።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሂስ መጽሐፉ ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መጽሐፉን ከመመዘናችሁ በፊት አንባቢው እንዴት እንደሚያነበው ተመልከቱ፤ ሰው ደጋግሞ የሚመለስበትን መጽሐፍ በችኮላ አትጣሉ ይላል በጥቅሉ። ሉዊስ ስለ ማርስና ስለ ቬኑስ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ስለሆነ፣ በዚህ ሐሳቡ ለራሱም ጥብቅና ቆሟል ብል ብዙ አልሳሳትም። መለኪያው ግን ይሠራል።

ምናባዊ ታሪክ ለእኛ ለወንጌላውያን እንግዳ ነው የሚል ካለ ደግሞ የጆን ቡንያንን ክርስቲያናዊ ጉዞ ያስታውስ። መጽሐፉ ወደ አማርኛ የተተረጎመው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በወንጌላውያን እጅ ነው። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወዳጄ ልቤም የቡንያን ዱካ አለበት። በአጠቃላይ የአገራችን ሰው በድንቅ ነገር ወሬ አይደነግጥም። የሰፈራችን ስም ራሱ፣ አቦ፣ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር ኖሩ ከሚባሉት ጻድቅ የመጣ ነው።

ዴርቶጋዳ የጣናን ገዳማት፣ በናሳ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅን፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችንና የአገር ፍቅርን በአንድ ታሪክ ያስተሳሰረ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ራማቶሓራና ዣንቶዣራ ተከትለውታል። ብዙ አንባቢ በኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉ ገጸ ባሕርይ ውስጥ በናሳ የሠሩትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን አይቷል። የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና የመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ወጣቱ አንባቢ ጠፈርን በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ሐይቁ ዳር አገኘው። የአገሩ ስም በውጭ ሲነሣ ከረሀብ ጋር ብቻ ሲነሣ እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ይህን ደስታ ልንንቀው አይገባም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዴርቶጋዳ ዓለም መዳኛው ተሸሽጓል፤ ጥቂቶች የሚያውቁት፣ በምሥጢር የሚጠበቅ ጥበብ አለ። አንባቢው ልቡ ሞቆ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ነገር ግን ምሥጢሩን የያዙትን ከመጠበቅ በቀር ነገ ጠዋት የሚሠራው ነገር በእጁ የለም። ለዚህ ወደ ደራሲው ጣት ከመቀሰራችን በፊት ግን የራሳችንን መድረክ እንይ። ለተመረጡ ብቻ የተገለጠ ምሥጢር አለ የሚል ፖስተር ለጥፈን አዳራሽ የምንሞላው እኛ አይደለንም? «ነቢዩ» የሰው ስልክ ቁጥር ሲጠራ የሚያጨበጭበውን ወጣትና ዴርቶጋዳን ሌሊቱን ሙሉ የሚያነበውን ወጣት የሚያነቃቸው ጥማት አንድ ነው፤ አንዳንዴም ሰውየው ራሱ አንድ ነው። ጳውሎስ በቆላስይስ 2 የጥበብ መዝገብ ሁሉ በክርስቶስ እንደ ተሰወረ ሲጽፍ፣ ያ ምሥጢር አሁን እንደ ተገለጠና ለሰው ሁሉ እንደሚሰበክ በምዕራፍ 1 አስቀድሞ ተናግሯል። ወጣቱ ይህን ከእኛ ካልሰማ ምሥጢር ፍለጋ ጣና ድረስ ቢወርድ ምን ይገርማል?

እኔ ከዴርቶጋዳ ይልቅ የማደንቀው ዲዲሞስ ዶሬ የተባለው ሰው በድግምት ወደ ውሻ ተለውጦ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝበትን ልብ ወለዱን ነው። ቤተልሔም አትፊልድ ተርጉማው በ2022 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በእንግሊዝኛ ታትሟል። «ድግምት አለበት» የሚለው ክስ እዚህ ላይ እውነት ነው። ግን ድግምቱ ሰውየውን የት አደረሰው? በአራት እግሩ መንገድ ዳር ጣለው። ስለ ጥንቆላ ከዚህ የሚበልጥ ስብከት እኔ ብዙ አልሰማሁም።

አሁን ዳንኤል 4ን ከጎኑ ያስቀምጡት። ምዕራፉን የሚጀምረው ናቡከደነፆር በራሱ አንደበት ነው። ከሰው ተለይቶ እንደ በሬ ሣር በሚበላበት ክፍል ግን «እኔ» ማለቱ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ይተርክለታል። ዓይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ አእምሮው ይመለሳል፣ «እኔ» ማለቱም አብሮ ይመለሳል። ይስማዕከ የሠራው የዚህን ግልባጭ ነው። ዲዲሞስ የተቀማው አካሉን ነው፤ አእምሮው አልጠፋም። ንጉሡ አውሬ ሲሆን ማየት ያቆማል፤ ዲዲሞስ ግን ውሻ ሆኖ ያያል፣ ያውም ከሰው ጉልበት ከፍታ ላይ ሆኖ። በሰዎች ፊት የማይባለው በውሻ ፊት ይባላልና፣ አንባቢውም ከእሱ ጋር ዝቅ ብሎ አገሩን ይሰማል። መጽሐፉን ከዴርቶጋዳ የማስበልጠው ለዚህ ነው፤ ዴርቶጋዳ አንባቢውን በወገኑ ያኮራዋል፣ ይህኛው ራሱን ያስመረምረዋል። የጎደለውም እዚያው ነው። የዲዲሞስ ዓይን ወደ ዙሪያው ያያል፤ የናቡከደነፆር ዓይን ግን በመጨረሻ ወደ ላይ ተነሥቷል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስጠናት ሁለት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ ያዳምጡ፤ መጽሐፉን ለምን እንደ ወደዱት ወጣቶቹ ይናገሩ።