ይሄ ግንብ ማንን ነው የሚያየው?

ጎረቤላ ከአውቶብስ ወርዳችሁ ስለ አንድ የፈረሰ ግንብ ሰው ብትጠይቁ፣ ከሁለት መልሶች አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ወይ «የምኒልክ ነው» ትባላላችሁ፣ ወይ «የጣሊያን ነው»። ድንጋዩ በጣም ያረጀ ከመሰለ ደግሞ ግራኝም ይጨመራል። በመልሱ ላይ መሳቅ አያምርም፤ ሁለቱም ከመሬት ተነስተው የመጡ አይደሉም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥትም ዛሬ ከግድግዳ ቅሪት በቀር የለም። ጣሊያንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን ይዞ ነበር። ችግሩ መልሱ ጥያቄውን መዝጋቱ ላይ ነው። «የጣሊያን ነው» ከተባለ በኋላ ማንም ጠጋ ብሎ አያይም።

እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ኮረብታ ላይ ክብ የድንጋይ ካብ አገኘሁና ምሽግ ነው ብዬ አስር ፎቶ አነሳሁ። አንድ እረኛ ልጅ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ «ይሄ እኮ የአያቴ የበግ በረት ነው» አለኝ። ፎቶዎቹን አልሰረዝኳቸውም፤ ለመቅጫ ይሆኑኛል።

ታዲያ በረትን ከምሽግ የሚለየው ምንድን ነው? የድንጋዩ ዕድሜ አይደለም፤ ድንጋይ ሁሉ ያረጀ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግንቡ ማንን እንደሚያይ ነው። በረት ነፋስ ይሸሻል፣ እርከን የመሬቱን ወገብ ተከትሎ ይሄዳል፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሐሉን ያቅፋል። ምሽግ ግን የሚጠብቀው ነገር አለ፦ መንገድ፣ የውሃ መውረጃ፣ መተላለፊያ በር። የተኩስ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩ። በብዙ የድንጋይ ምሽጎች ቀዳዳው ከውጭ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ ተኳሹ ሰውነቱን ሳያጋልጥ ጠመንጃውን ግራና ቀኝ እንዲያዞር ነው። ለአየር የተተወ ቀዳዳ እንዲህ መሰፋት አያስፈልገውም። በሰንጠረዥ ሳይሆን በዓይን የሚደረግ ምርመራ ነው፤ በራሳችሁ ጭንቅላት ቀዳዳው ላይ ቆማችሁ ወደ ውጭ ማየት ብቻ ነው።

እንግሊዞች በዚህ ነገር ቀድመውናል። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን በባሕር ይመጣብናል ብለው አገራቸውን በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ የኮንክሪት ምሽጎች ሞሉት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እርሻ ውስጥ ተረሱ። ከ1995 ጀምሮ 600 የሚያህሉ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ሙያተኞች ያልሆኑ፣ ቅጽ እየያዙ ዞረው ወደ 20,000 የሚጠጋ የመከላከያ ቦታ መዘገቡ። ድንቅ ሥራ ነው፤ እኛም ብንሠራው እመኛለሁ። ግን እንዳለ መገልበጥ አንችልም። የእነርሱ ምሽግ ከውጭ የሚመጣን ጠላት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ፊቱ ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ወንዝ መሻገሪያ ነው። በሸዋ ግን ወራሪው ገብቶ ተቀምጧል። የሱ ምሽግ ዙሪያውን ነው የሚያየው፣ ከሥሩ ያለውን መንደር ጭምር።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይከፋል። ኮንክሪት ይቆያል፤ ጭቃ፣ እንጨትና ጉድጓድ አይቆዩም። በሸዋ በራስ አበበ አረጋይ ሥር የተዋጉት አርበኞች ግንብ የሚገነቡበት ሲሚንቶም ጊዜም አልነበራቸውም። የቆመ ግድግዳ ብቻ እየቆጠርን ብንሄድ፣ በካርታችን ላይ የሚወጣው የወራሪው ታሪክ ነው። አርበኛው ሲሸሸግ የተሳካለትን ያህል ከመዝገባችንም ይጠፋል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌ እና ሹርሾ አያን ቪላ ስለ ዘረት ዋሻ ያሳተሙትን ጥናት የምወደው። መንዝ ውስጥ ባለው በዚህ ዋሻ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ተጠልለው ሳለ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከቧቸው የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመባቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነገሩን ከመዛግብት አውጥቶት ነበር። አርኪዮሎጂስቶቹ ግን የሸክላ ስብርባሪውን፣ የእህል ማከማቻውን፣ ቀለሁንና አጽሙን አንድ ላይ አነበቡት። ከሩቅ «ምሽግ» የሚመስለው ነገር ቤት ነበር፤ ወጥ የሚወጠወጥበት፣ ልጅ የሚታዘልበት።

ቅሬታም አለኝ። ጥናቱ የወጣው በእንግሊዝኛ፣ «ወርልድ አርኪዮሎጂ» በተባለ የውጭ መጽሔት ላይ ነው። የሟቾቹ የልጅ ልጆች የሚያነቡት አይደለም። ሌላው፣ ዘረት ብቻዋን ከመታወቋ የተነሳ የአርበኛ መጠለያ ሲባል ሁላችንም ዋሻ ብቻ ይታየናል። ጫካው፣ ገደሉ፣ ስንቅ የሚያቀብለው የዘመድ ቤትስ? ይሄ የጸሐፊዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዘረት ያልፈለግነው እኛ ነን።

ቀለህ ካነሳን አንድ ወጥመድ አለ። በጣሊያን ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ይታተማሉ፤ ለዘመን መለያ ወርቅ ነው። ነገር ግን «የጣሊያን ቀለህ አገኘሁ፣ ስለዚህ የጣሊያን ምሽግ ነው» ካላችሁ ወድቃችኋል። አርበኛው ከጠላት የማረከውን ነበር የሚተኩሰው። ከ6.5 ሚሊሜትሩ የጣሊያን ቀለህ ጎን ወፍራሙ 11 ሚሊሜትር የውጅግራ ቀለህ ከተገኘ ጨዋታው ይለወጣል፤ ያኔ እዚያ የቆመው ማን እንደሆነ እንደገና መጠየቅ ነው።

ደግሞም ሁሉም ጉድጓድ የ1930ዎቹ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ልጅ ያንን ዘመን ከጣሊያን ዘመን ጋር እንዳያምታታ፣ የሚያስታውሱ ሰዎች ባሉበት አሁን መመዝገብ ይሻላል።

ስትወጡ ስልካችሁ ይበቃል። ፎቶ ስታነሱ ከግንቡ ጎን ልኬቱ የሚታወቅ ነገር አስቀምጡ፤ እስክሪብቶም ይሆናል። ቀዳዳው የሚያይበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ጻፉ። አዛውንት ስትጠይቁ «የጣሊያን ነው ወይ?» አትበሉ፤ «እዚህ ምን ይደረግ ነበር?» በሉ። አትቆፍሩ፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር በቅርስ አዋጅ 209/1992 ክልክል ነው። ዝገት የበላው የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩት፣ በእግራችሁም አትግፉት፤ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ።