ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ «ኮምፒውተራችሁን አጽዱ» የሚለው ምክር ምን ይጎድለዋል?

«አንድ ፋይል አውርጄ ከፈትኩት፤ ምንም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ኮምፒውተሬ ጤነኛ አልመስል አለኝ። ቫይረስ ገብቶብኝ ይሆን?» ይህን ጥያቄ ለሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለትምህርት ቤት የላብ ባለሙያ ወይም ለቴክኖሎጂ ቪዲዮ አዘጋጅ ብታቀርቡ መልሱ ብዙም አይለያይም። አንቲቫይረስ ጫኑ፤ ስካን አድርጉ፤ የተገኘውን ሰርዙ፤ እምቢ ካለ ፎርማት አስደርጉ፤ ለወደፊቱ ደግሞ ከማይታመን ቦታ አታውርዱ። አምስት እርምጃ፣ በቃ።

እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ ምክር ነው። ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለታችን አይደለም። ችግሩ የተዘጋጀው ለሌላ ዘመን በሽታ መሆኑ ነው። ዛሬ መጥፎ ፋይል የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ማሽኑ ላይ ሳይሆን በማሽኑ በኩል በምንገባባቸው አካውንቶች ላይ ነው፤ ኢሜይላችን፣ ቴሌግራማችን፣ አንዳንዴም የገንዘብ ሂሳባችን። ምክሩ ግን ስለነዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል

እስቲ ከስያሜው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍሬድ ኮኸን የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በአሜሪካ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ራሱን በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ እየገለበጠ የሚሰራጭ ፕሮግራም ሰርቶ አሳየ። «ቫይረስ» ይባል ያሉት መምህሩ ሊዮናርድ አድልማን ነበሩ። ኮኸን በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ የሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፦ ቫይረስ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞችን ቀይሮ የራሱን ቅጂ የሚያስገባባቸው ፕሮግራም ነው። ዋናው ጠባዩ መራባት ነው ማለት ነው።

በፍላሽ ፋይል መለዋወጥ በነገሠበት ጊዜ ይህ ስም ከሞላ ጎደል ይሰራ ነበር። ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትካት ሆነው የሚገኙበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያ ዓይነቱ ፕሮግራም ከማሽን ማሽን እየተዛመተ እዚያው ይኖራል፤ እስካለ ድረስ ያስቸግራል፣ ሲነቀል ችግሩም አብሮ ይሄዳል። «ስካን፣ ሰርዝ፣ ፎርማት» የሚለው ምክር የተወለደው ለዚህ ነው። ለዚህም በደንብ ይሰራል።

ቃሉ ግን ከበሽታው ጋር አልተለወጠም። «ቫይረስ» ስንል አእምሯችን ወዲያው «ታመመ፣ ይታከም፣ ይድናል» ወደሚል ሐሳብ ይሄዳል። ቤታችሁ ሌባ ቢገባ ግን መጀመሪያ የምታስቡት ወለሉን ስለማጠብ ነው? አይደለም። ምን ተወሰደ ነው የምትሉት።

ሌባው አይቆይም

በክራክ ሶፍትዌር፣ በጌም ማጭበርበሪያ እና በሐሰተኛ «አፕዴት» ተሸፍነው ከሚመጡት ፕሮግራሞች መካከል ብዙዎቹ መረጃ ሰራቂ የሚባሉት ናቸው። ሬድላይን የተባለውን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2020 ብቅ ብሎ ለዓመታት ለወንጀለኞች ሲሸጥና ሲከራይ ቆይቷል፤ በኦክቶበር 2024 የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ጋር ሆኖ ሰርቨሮቹን ዘጋበት። ሥራው መባዛት አይደለም። ገብቶ፣ ሰብስቦ፣ ልኮ መውጣት ነው። ይህን ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቁታል።

እንዴት? ብራውዘር ፓስወርዳችሁን ሲያስቀምጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ቁልፉ ግን በእናንተ ስም ለሚሰሩ ፕሮግራሞች ክፍት ሆኖ ነው የኖረው። ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ያስነሳችሁት ፋይል ደግሞ በማን ስም ነው የሚሰራው? በእናንተው! ጎግል ክሮም በ2024 ይህን የሚያከብድ መከላከያ ጨምሯል፤ ሰራቂዎቹ በወራት ውስጥ መሹለኪያ አገኙለት።

ከፓስወርድ የሚብሰው ደግሞ ኩኪ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ በር ላይ መታወቂያችሁን ታሳዩና ባጅ ይሰጣችኋል፤ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ባጁ እስካለ ድረስ ማንም መታወቂያ አይጠይቃችሁም። ኩኪም እንደዚያ ባጅ ነው። አካውንታችሁ ውስጥ አንዴ ከገባችሁ ድረ ገጹ በየገጹ ፓስወርድ የማይጠይቃችሁ ኩኪውን እያየ ነው። ባጁን የሰረቀ ሰው መታወቂያ አያስፈልገውም፤ በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድም አያስቆመውም፣ ምክንያቱም ኮዱ የሚጠየቀው በር ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራምም የመግቢያ ፈቃዱን በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ያንን ፎልደር የገለበጠ ሰው እናንተን ሆኖ መግባት ይችላል።

ይህ በባለሙያ ላይም ይደርሳል። በማርች 2023 ሊነስ ቴክ ቲፕስ የተባለው፣ በዩቲዩብ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታዮች የነበሩት የካናዳ የቴክኖሎጂ ቻናል ተጠለፈ። አንድ ሰራተኛ የስፖንሰርነት ጥያቄ የሚመስል ፋይል ከኢሜይል አውርዶ ከፍቶ ነበር። ሌቦቹ የወሰዱት ባጁን ነው። ከዚያ በቻናሉ ላይ የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመሩ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው አምስቱን እርምጃ ቢከተል ምን ይሆናል? ግማሽ ቀን ስካን ያደርጋል፣ ማታ ፎርማት ያስደርጋል፣ በማግስቱ በንጹሕ ኮምፒውተር ፊት ተረጋግቶ ይቀመጣል። አካውንቶቹ ግን በሌላ ሰው እጅ ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው።

«ምንም አልተገኘም» ሲል

ሁለተኛው የምክሩ ድክመት ስካን ላይ የሚጥለው እምነት ነው። ስካኑ አረንጓዴ ሲያሳይ «እፎይ፣ ነጻ ነኝ» እንላለን። ይህን እፎይታ ያፈረሰው ራሱ ኮኸን ነው፤ የትኛውንም ፕሮግራም አይቶ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን ያለ ስህተት የሚወስን መርማሪ ሊኖር እንደማይችል አሳይቷል። ክርክሩ ያለ ሒሳብም ይገባል።

እንዲህ ያለ ፍጹም መርማሪ አለ እንበል። አሁን «እልኸኛ» የሚባል ፕሮግራም እንጻፍ። እልኸኛ ሲነሳ መጀመሪያ መርማሪውን «እኔ ቫይረስ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። «ነህ» ከተባለ ምንም ሳያደርግ ይተኛል። «አይደለህም» ከተባለ መራባት ይጀምራል። መርማሪው የቱንም ቢመልስ ተሳስቷል ማለት ነው! ስለዚህ ፍጹም መርማሪ የለም።

በተግባር አንቲቫይረሶች የሚሰሩት የታወቁ ፋይሎችን አሻራ በማመሳከር እና አጠራጣሪ ጠባይን በመከታተል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይሰራል፤ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደርም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ትናንት ማታ ተለውጦ የተዘጋጀ ፋይል አሻራው ገና አልተመዘገበም። ደግሞስ ሰርቆ ራሱን ያጠፋ ፕሮግራም ቢፈተሽ ምን ይገኛል? «አገኘሁ» ሲል ጠቃሚ መረጃ ነው። «አላገኘሁም» ሲል ግን «አላየሁም» ማለቱ እንጂ «የለም» ማለቱ አይደለም።

ማጽጃውስ ንጹሕ ነው?

የደነገጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት አምስት «ማጽጃ» ያወርዳል። በመጥፎ ፋይል ለመጣ ችግር መፍትሔው ተጨማሪ ፋይል ማውረድ ሲሆን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ የኮምፒውተር ማጽጃ ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ፣ በትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ፣ ጎጂ ኮድ ተጨምሮበት ለአንድ ወር ያህል ተሰራጭቷል፤ ወደ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ደርሷል። በ2020 ደግሞ ስቶፕ የተባለው ራንሰምዌር ፋይሎቻቸውን የቆለፈባቸው ሰዎች «መክፈቻ» ብለው ያወረዱት ፕሮግራም የተቆለፈውን ፋይል ደግሞ ቆለፈው። በሐዘን ላይ ሐዘን።

ስቶፕ በክራክ ፋይሎች የሚዛመት መሆኑ ለኛ አገር ተጠቃሚም ቅርብ ያደርገዋል። ፋይል ብቻ የሚቆልፍ ይመስላል፤ በ2019 ግን አንዳንድ ቅጂዎቹ ከመቆለፋቸው በተጨማሪ ፓስወርድ ሰራቂ ይዘው እንደሚገቡ ታውቋል። የመመረቂያ ጽሑፏ የተቆለፈባት ተማሪ ዓይኗ ጽሑፏ ላይ ሳለ ኢሜይሏም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ፎርማት በየትኛው ዊንዶውስ?

ከአምስቱ እርምጃዎች ጠንካራው ፎርማት ነው። ሰነዶችን ለይቶ አስቀምጦ፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ከማንኛውም ስካን የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። ግን ምን ይጫናል? ብዙ ሱቆች መልሰው የሚጭኑት በክራክ የነቃ ዊንዶውስ እና በክራክ የነቃ ኦፊስ ነው። ያው በመጣበት በር መመለስ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ላፕቶፖች ይህ አያስፈልጋቸውም። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ የቅርብ ዓመታት ላፕቶፖች የፈቃዱን ቁልፍ ማዘርቦርዳቸው ላይ ይዘውት ይመጣሉ። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነጻ የሚወርደውን መጫኛ፣ በንጹሕ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ፣ ላፕቶፑ የመጣበትን እትም ብትጭኑ በራሱ ይነቃል። ለኦፊስ ምትክ ሊብረኦፊስ አለ፤ ነጻ ነው።

«ከማይታመን ቦታ አታውርዱ»

ይህ መዝጊያ ምክር ትክክል ይመስላል፤ ግን ባዶ ነው። ሲክሊነር የመጣው ከሚታመን ቦታ ነበር። በ2017 የካናዳው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ምርመራ መሠረት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች የተላከላቸው ሊንክ ቪዲዮ ወደሚያሳይ ገጽ ይወስድ ነበር፤ ገጹ ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት አድርጉ» ይላል፤ አፕዴቱ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ስሙ የታወቀ፣ ጥያቄው የተለመደ። «የሚታመን» የሚለው ቃል ማታለያው የሚለብሰው ልብስ ነው።

ከዚህ የሚሻለው የሚታዩ ምልክቶችን ማስተማር ነው። «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ ያለው ፋይል እየነገራችሁ ያለው ዘበኛውን አስወጡልኝ ነው። ለሁሉም ሰው የተለቀቀ ዚፕ ፋይል ፓስወርድ ካለውና ፓስወርዱ እዚያው ከተጻፈ፣ ቁልፉ እናንተን ለመከልከል አይደለም፤ ስካነር ውስጡን እንዳያይ ነው። ስሙ «ፒዲኤፍ» ብሎ መጨረሻው «ዶት ኤግዚ» የሆነ ፋይል ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ግን እናንተ ካልቀየራችሁት ይህን መጨረሻ ይደብቀዋል።

ታዲያ እንዴት ይስተካከል?

እርምጃዎቹ አይጣሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ይለወጥ።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቅቁ። ዋይፋይ ይጥፋ፣ ኬብሉ ይነቀል።

ሁለተኛ፣ ስካን ከማሰባችሁ በፊት ሌላ ንጹሕ መሣሪያ አንሡ፤ ብዙ ጊዜ ስልካችሁ ይበቃል። ከኢሜይል ጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚቀየረው በእሱ ነውና። ፓስወርድ ለውጡ፤ ከዚያም ሳትረሱ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ አስወጡ፤ የተሰረቀው ባጅ የሚሰረዘው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ ሌሎቹን በሙሉ ዝጉ። የባንክ ነገር ካለ ባንኩን ደውሉ። ይህን ሁሉ በተጠረጠረው ኮምፒውተር ላይ ብታደርጉት አዲሱን ቁልፍ ለሌባው እንደማቀበል ነው።

ሦስተኛ፣ አሁን ስካን አድርጉ፤ ምን እንደገባ ለማወቅ።

አራተኛ፣ ፋይሉን በእርግጥ አስነስታችሁት ከነበረ፣ ሰነድና ፎቶ ብቻ ገልብጣችሁ ከንጹሕ ምንጭ እንደ አዲስ ጫኑ። አውርዳችሁ ሳትከፍቱት የሰረዛችሁት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም፤ የተቀመጠ ፋይልና የተነሳ ፕሮግራም አንድ አይደሉም። አሮጌው ምክር ይህንንም ልዩነት አይነግረንም።

ፋይል ተቆልፎባችሁ ከሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የአውሮፓ ፖሊስና አጋሮቹ በ2016 የጀመሩትን «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ነጻ የመክፈቻ ማዕከል ተመልከቱ። ሁሉንም አይከፍትም፤ የሚከፍታቸው ግን አሉ።

አሮጌው ምክር ለማሽኑ ጥሩ ምክር ነው። ለባለቤቱ ግን የሚነግረው የመጨረሻውን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርጎ ነው። ምንም ባይደርስባችሁም ዛሬ ሁለት ነገር አድርጉ፦ ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻዎችን እንዲያሳያችሁ አስተካክሉ፤ ቴሌግራማችሁ ላይ የተዘረዘሩትን መሣሪያዎች ቁጠሩ። የማታውቁት ካለ ሥራችሁ ከዚያ ይጀምራል።