ከስም ዝርዝር ወደ ምንጭ፦ የሮክ ሸክላና ጀማሪው ሰብሳቢ

«ክላሲክ» የሚለው ቃል በሙዚቃ ረገድ ለረጅም ዘመን የባኽንና የቤትሆቨንን ለመሰለው የአውሮፓ ሊቃውንት ድርሰት መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ይኸው ቃል በ1960ዎቹ የወጣት ጩኸት ተብሎ ሲናቅ ከነበረው ከሮክ ሙዚቃ ጋር ተጣምሮ «ክላሲክ ሮክ» የሚል ስም ሲወጣ፣ ስሙን ያስለመዱት ሐያስያን ሳይሆኑ የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) ጣቢያዎቹ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡትን ዘፈኖች እየመረጡ ደጋግመው ማሰማት ያዙ። በዚያ ዘመን ወጣት የነበረው አድማጭ አሁን ደመወዝተኛ ሆኗልና፣ እርሱን ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማቅረብ ትርፍ ነበረው። እንግዲህ «ክላሲክ ሮክ» በመሠረቱ የጥበብ ደረጃ ስም ሳይሆን የገበያ ስም ነው። ይህን ሳይረዳ ሸክላ መሰብሰብ የጀመረ ሰው፣ ሌላው የመረጠለትን በገዛ ገንዘቡ ያከማቻል።

ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው መምሪያ የስም ዝርዝር ነው። ከነዚህም ይበልጥ የታወቀው ሮሊንግ ስቶን የተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 ያወጣው የአምስት መቶ ታላላቅ አልበሞች ዝርዝር ነው። በዚያ ዝርዝር አንደኛ የወጣው የቢትልስ «ሰርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ሃርትስ ክለብ ባንድ» (1967) ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር አልበሞች መካከልም አራቱ የዚሁ የአንድ ቡድን ሥራዎች ነበሩ። መጽሔቱ በ2020 ዝርዝሩን በአዲስ መራጮች ድምፅ እንደገና ሲያወጣ ግን አንደኛነቱ ለማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» (1971) ተሰጠ፤ ሰርጀንት ፔፐር ወደ 24ኛ ወረደ። በነዚያ አሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ ከሁለቱ ሸክላዎች በአንዱም ላይ አንዲት ድምፅ አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም። የተለወጠው ሚዛኑን የያዘው እጅ ነው። ዝርዝር ለመነሻ ያህል ሊጠቅም ይችላል፤ ከአንድ እስከ አምስት መቶ እየቆጠሩ መግዛት ግን መሰብሰብ ሳይሆን መደርደር ነው።

የሚሰበሰበው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በ1948 በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ፣ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህልና ከዚያም በላይ ሙዚቃ መያዝ ተቻለ። በቀጣዩ ዓመት ተወዳዳሪው አር.ሲ.ኤ. ቪክተር ያቀረበው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ደግሞ የአንድ ዘፈን ቤት ሆነ። የሮክ ሙዚቃ ልጅነቱን ያሳለፈው በትንሹ ሸክላ ላይ ነው። ለኢትዮጵያዊ አድማጭም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የአዲስ አበባን ዘፈኖች ለሕዝብ ያደረሰው በአብዛኛው በዚሁ በባለ 45 ዙር ሸክላ፣ አንዱን ዘፈን በፊት አንዱን በጀርባ እያደረገ ነበር። በዚያ ልማድ ያደገ ጆሮ ከረጅሙ ሸክላ ላይ የሚወደውን ዘፈን ብቻ እየፈለገ መርፌውን ማንሣትና መጣል ይቀናዋል። ከ1965 በኋላ የወጡት ታላላቅ የሮክ አልበሞች ግን የዘፈን ክምችት መሆናቸው ቀርቶ ቅደም ተከተላቸው ራሱ ትርጉም ያለው ሥራ ሆነው ነበርና፣ እንዲህ ላለው አደማመጥ አይመቹም።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አስረጂ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» (1973) ነው። ሸክላው በልብ ትርታ ይከፈታል። የመጀመሪያው ገጽ የሚያበቃው ቃል በሌለው የሴት ድምፅ፣ በልቅሶና በጩኸት መካከል በሚዋልል ዜማ ነው። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። አድማጩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሸክላውን ሲገለብጥ የሚቀበለው ደግሞ የሳንቲም መንሿሿትና የገንዘብ መቀበያ መኪና ድምፅ ነው። ከሞት ወደ ገንዘብ የሚደረገው ይህ ሽግግር፣ ጉልበቱን የሚያገኘው አድማጩ ራሱ ተነሥቶ ባሳለፋት በዚያች አጭር ዝምታ ነው። በሲዲና ከዚያም ወዲህ በመጡት መሣሪያዎች ላይ ዝምታዋ ጠፍታለች። መጨረሻው እንደገና የልብ ትርታ ነው። ይህ አልበም እስከ 1988 ድረስ ከሰባት መቶ ሳምንታት በላይ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ መቆየቱ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ለጀማሪው ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ሁለቱን ገጾች ሳያቋርጥ አንድ ምሽት መስማቱ ይበልጥ ያስተምረዋል።

የቅደም ተከተሉ ነገር የገዢውን ኪስ የሚነካበትም ጊዜ አለ። የቢትልስ «ሪቮልቨር» (1966) በእንግሊዝ ሲወጣ 14 ዘፈኖች ነበሩት። በአሜሪካ ያሳተመው ካፒቶል ግን ሦስቱን ዘፈኖች አስቀድሞ በሌላ ሸክላ ላይ አውጥቷቸው ስለነበር ሪቮልቨርን በ11 ዘፈኖች ብቻ ሸጠው። የተቀነሱት ሦስቱም በዋናነት የጆን ሌነን ድርሰቶች ናቸው፤ በአሜሪካው ሸክላ ላይ የእርሱ ሆነው የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። የሌነን ጨለምተኛነትና የማካርትኒ ብሩህነት እየተፈራረቁ የሚያስገኙት ሚዛን ነው የዚህን አልበም ውበት የሠራው፤ ያ ሚዛን በነጋዴ መቀስ ተዛባ። ስለዚህ የአሜሪካውን የ1966 እትም በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ጀማሪ የገዛው ሥራውን ሳይሆን ቁራጩን ነው። (ከሰርጀንት ፔፐርና ከሪቮልቨር አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ካለም ሪቮልቨርን ይግዛ። ሰርጀንት ፔፐር በባለ አራት መስመር የቴፕ መቅጃ ብቻ የተሠራ የስቱዲዮ ተአምር መሆኑ ባይካድም፣ ሽፋኑና ዝናው ከአንዳንዶቹ ዘፈኖቹ ይልቅ ይከብዳሉ።)

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የምንጩ ጥያቄ ነው። በሬዲዮዎቹ ምርጫ መሠረት የተሰበሰበ መደርደሪያ ቢፈተሽ፣ ሮክ በ1964 ገደማ ከለንደንና ከሊቨርፑል በድንገት የፈለቀ ሙዚቃ ይመስላል። ሐቁ ሌላ ነው። ማዲ ዋተርስ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ ሲሠራ የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1943 ወደ ቺካጎ ተሰደደ፤ በከተማው ጫጫታ መካከል ይሰማ ዘንድ ጊታሩን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኘ፤ ቼስ በተባለው ኩባንያም ሸክላ አስቀረጸ። ከነዚህ አንዱ የ1950ው «ሮሊን ስቶን» ነው። በ1962 በለንደን የተሰባሰቡት ወጣቶች ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ ዘፈን ነው። ሮሊንግ ስቶንስ ይህን ዕዳ አልደበቁም፤ በ1964 አሜሪካ እንደገቡ በቺካጎ ወደሚገኘው የቼስ ስቱዲዮ ሄደው ቀረጹ፣ የስቱዲዮውንም አድራሻ ለአንድ ዜማ ስም አደረጉት። በ1965 «ሺንዲግ» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡም ሌላውን የቺካጎ ታላቅ ዘፋኝ፣ ሃውሊን ዎልፍን፣ ከእነርሱ ጋር አስቀረቡት። የአሜሪካ ነጭ ወጣት የገዛ አገሩን አንጋፋ ከያኒ ያወቀው በእንግሊዛውያን አማካይነት መሆኑ የዚያች አገር የዘር ክፍፍል ምን ያህል ጆሮ እንደደፈነ ያሳያል።

ዕዳቸውን ያልተናገሩም ነበሩ። የሌድ ዜፕሊን ሁለተኛ አልበም (1969) የሚከፈተው «ሆል ሎታ ላቭ» በተባለው ዘፈን ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ ደራሲ ተብለው የተጻፉት አራቱ የቡድኑ አባላት ብቻ ናቸው። ሆኖም ማዲ ዋተርስ በ1962 ያስቀረጸውንና ዊሊ ዲክሰን የደረሰውን «ዩ ኒድ ላቭ» የሰማ ሰው የግጥሙን ዝምድና ለመለየት አይቸገርም። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ ስሙም በኋላ በደራሲነት ተጨመረ።

እዚህ ላይ ፍርድን ማቅለል አይገባም። ሌድ ዜፕሊን በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ የዲክሰንን ሁለት ዘፈኖች በስሙ አውጥተዋል፤ ጨርሰው ያላከበሩት ሰው አልነበረም። ብሉዝ ራሱም ስንኝ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት፣ ዜማ የጋራ የሆነበት ሥርዓት ነበር። ልዩነቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። ስንኙ በሚሲሲፒ መንደር ሲዘዋወር በስሙ ገንዘብ የሚሰበስብ አልነበረም፤ ሸክላ ላይ ከተጻፈ በኋላ ግን ለፈረመው ሰው በየሽያጩ የሚከፍል ንብረት ሆነ። ይህን በደል የፈጸሙት እንግሊዛውያን ብቻም አይደሉም። የቸክ ቤሪ «ሜይቤሊን» በ1955 ሲወጣ አለን ፍሪድ የተባለው የሬዲዮ አስተዋዋቂ በድርሰቱ ላይ እጁ ሳይኖርበት በደራሲነት ተመዝግቦ ነበር። ማዲ ዋተርስና ዲክሰንም በ1970ዎቹ የቼስ ወንድማማቾች ድርሻ የነበራቸውን አርክ ሚውዚክ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ እስከ መክሰስ ደርሰዋል።

ለጀማሪው ከዚህ የሚገኘው የአሰባሰብ ዘዴ ቀላል ነው፦ ከሸክላው ፊት ይልቅ መሐሉ ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት ያንብብ። በዘፈኑ ስም ሥር በትንሹ የተጻፈው የደራሲው ስም ወደሚቀጥለው ግዢ ይመራዋል። የሌድ ዜፕሊንን ሁለተኛ አልበም የገዛ የማዲ ዋተርስን በ1958 የወጣ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ከጎኑ ያስቀምጥ። ጂሚ ሄንድሪክስን የወደደ «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» (1968) ላይ ያለውን «ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር» ከቦብ ዲላን የ1967 ቅጂ ጋር እያፈራረቀ ይስማ። ዲላን የጻፈው በአንድ ጊታርና በሃርሞኒካ ዙሪያ የቆመ ደረቅ ትረካ ነው፤ ሄንድሪክስ ማዕበል አደረገው፤ ዲላንም በኋላ መድረክ ላይ ሲጫወተው ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት አዘንብሏል። ሄንድሪክስ ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ ሳለ ዝናን ለማግኘት በ1966 ወደ ለንደን መሻገር ነበረበት።

ሴቶቹ በነዚያ ዝርዝሮች ላይ እጅግ የሳሱ ናቸው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ሰብሳቢው ራሱ መፈለግ አለበት። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ሮክ ስም ሳይወጣለት በፊት በመንፈሳዊ መዝሙር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታርን ታንጎራጉር ነበር። ቢግ ማማ ቶርንተን በ1952 ያስቀረጸችው «ሃውንድ ዶግ» በ1956 በኤልቪስ ፕሬስሊ አፍ ዓለምን አዳረሰ። ቶርንተን ራሷ የደረሰችው «ቦል ኤንድ ቼይን» ደግሞ በ1968 በጃኒስ ጆፕሊን ድምፅ «ቺፕ ትሪልስ» ላይ ወጣ። የጆፕሊን የመጨረሻ አልበም «ፐርል» የታተመው ከሞተች ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥር 1971 ነው። በውስጡ አንድ ዘፈን ያለ ድምፅ፣ በመሣሪያ ብቻ ተጫውቷል፤ ዘፋኟ ድምፅዋን ሳታስቀርጽ ስላለፈች ጓደኞቿ ክፍት ቦታውን እንዳለ ተዉት። በሮክ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሐዘን ዜማ ለማግኘት ያስቸግራል።

ስለ ግዢው ሥራ ጥቂት ይበቃል። ሸክላ ሞቷል ከተባለ በኋላ ተነሥቷል፤ በአሜሪካ በ2020 የሸክላ ገቢ ከሲዲ ገቢ ሲበልጥ ከ1986 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚህም የተነሣ ዋጋው ንሯል። የመጀመሪያ እትም መሆኑ ብቻ የሙዚቃውን ዋጋ አይጨምርም፤ በጥንቃቄ የተሠራ አዲስ እትም ከተጫጫረ አሮጌ ይሻላል። አሮጌውን የሚገዛ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ በብርሃን አንጻር ዘንበል አድርጎ ይየው፤ ጥፍር የሚይዘው ጭረት መርፌንም ይይዛል። ሲያስቀምጥም መጽሐፍ እንደሚቆም ያቁመው እንጂ አያነባብረው። ደግሞም አይቸኩል፤ በዓመት አሥራ ሁለት ሸክላ ገዝቶ እያንዳንዱን አንድ ወር የሰማ፣ በአንድ ሳምንት መቶ ከገዛው ይልቅ ስለ ሙዚቃው የሚናገረው ይኖረዋል።

ወረቀቷን ማንበብ የሚገባው አሮጌ ሸክላ በሚገዛበት ጊዜም ነው። ቀደም ሲል የተነሣው የፒንክ ፍሎይድ አልበም የመጀመሪያ ገጽ የሚዘጋበትን ያንን ቃል አልባ ዜማ ያሰማችው ክሌር ቶሪ ናት። በጥር 1973 ወደ ስቱዲዮው ስትጠራ የሚዘፈን ግጥምም ሆነ የተጻፈ ዜማ አልተሰጣትም፤ የሪቻርድ ራይትን የፒያኖ ቅንብር እየሰማች ከራሷ አፈለቀችው። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። በ2004 የደራሲነት ድርሻዋን ጠይቃ ከሰሰች፤ በ2005 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተቋጨ፤ ከዚያ ወዲህ በሚታተሙት ላይ ዘፈኑ የራይትና የቶሪ ድርሰት ተብሎ ይመዘገባል። በ1973 በታተመው ሸክላ ላይ ስሟ ከዘፋኝነት አያልፍም፤ በደራሲው ቦታ የሚነበበው የራይት ስም ብቻ ነው።