የጆንያው ሥር

ደብረ ማርቆስ እህል ተራ ጤፍ የሚገዛ ሰው ጆንያው አፍ ላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ አይገዛም። እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይሰድዳል፤ ከሥር የዘገነውን በመዳፉ ያሻል፣ እፍ ይላል፣ ወደ ብርሃን ያዞራል። አፉ ማኛ፣ ሥሩ ሰርገኛ የሆነ ጆንያ ያከሠረው ነጋዴ ብዙ ነው። «ኪሳራ የሚይዝ ጥሩ ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን በምን ይታወቃል?» ለሚለኝ ሰውም የምመልሰው ከዚሁ አይርቅም፤ እጁን እስከ የት እንደ ሰደደ እዩ እላለሁ።

ይህን ያወቅሁት አጎቴን ተከትዬ ነው። አጎቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከገበሬው በእጅ በእጅ ይገዛል፣ ዓባይ ማዶ ላሉ ደንበኞቹ በዱቤ ይልካል። አንድ ዓመት እህሉ ተሻገረ፤ ገንዘቡ ግን ሳይመለስ ቀረ። ሁለት ጠበቆች ዘንድ ሄድን።

የመጀመሪያው አንደበተ ርቱዕ ነበር። ወንበር ከመሳባችን ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ፤ አንድም ነገር አልጠየቀም። «ምንም አያስቡ፣ ለእኔ ይተዉት» አለ። ዳኞቹን እንደሚያውቃቸው ጣል አደረገ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቱን ቶሎ ብለው በልጅዎ ስም ያዙሩት» አለው። አጎቴ ፊቱ በርቶ ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልክድም። ጎጃሜ ንግግር ይወዳል፤ በላ ልበልሃ ተባብሎ ሲሟገት የኖረ አገር ጠበቃን በአፉ ቢመዝን አይፈረድበትም። በድንበር ወይም በውርስ ክርክር ይህ ሚዛን አንዳንዴ ይሠራል። ኪሳራ ግን ሙግት አይደለም። የሚረታ ባላንጣ የለውም፤ ከደጅህ የተሰለፉት ገንዘብ ጠያቂዎች አብዛኞቹ እውነት አላቸው። ሥራው ሒሳብ ነው፤ ያለውን፣ የሌለውን፣ የማንን ቅድሚያ መለየት። ቤቱን ወደ ልጅ ስም ስለ ማዞር የተሰጠው ምክር ደግሞ የከፋ ነው። ፍርድ ቤት ክፍያ ከተቋረጠበት ቀን ዙሪያ የተደረገውን ስጦታና ሽያጭ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ንብረት ደብቆ መክሠር ደግሞ ወንጀል ነው። በመጀመሪያ ቀን ይህን የሚመክር ጠበቃ ቡናውን ሳትጨርስ ትተኸው የምትወጣው ነው።

ሁለተኛዋ ወጣት ናት። ቢሮዋ ጠባብ፣ ጠረጴዛዋ ላይ መስመር ያለው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። አጎቴ ታሪኩን ከእህሉ ሊጀምር ሲል በትሕትና አቋረጠችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እሱን እንመለስበታለን። ቼክ ጽፈው የሰጡት ሰው አለ?»

አጎቴ ዝም አለ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተራ ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ አቅም አጥቶ መክፈል ያልቻለ ሰው ለዚያ ብቻ አይታሰርም። ስንቅ የሌለው ቼክ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት እሥራት ያደርሳል። እኛ አገር ደግሞ ነጋዴው ለመተማመኛ ብሎ ቀኑን አሳልፎ የፈረመውን ቼክ አስይዞ ዕቃ ይወስዳል፤ ለእሱ መያዣ እንጂ ቼክ አይመስለውም። ስለዚህ ጠያቂው ሠላሳ ቢሆን ቀድሞ የሚታየው ቼክ የያዘው ነው። ጠበቃው ስለ ቼክ የሚጠይቅበትን ሰዓት ልብ በሉ። ስለ ክፍያው ከተነጋገራችሁ በኋላ ከሆነ ሥራውን አያውቀውም።

ከዚያ ዋስትና መጣ። ለማን ፈርመዋል? ስንት ተብሎ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበትን ዋስትና ዋጋ አይሰጠውም፤ አንዲት የጎደለች መስመር አንድ ዕዳ ታነሣለች። ከዚያ ባንክ። የቤቱ ካርታ የት ነው? በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ መያዣውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ቤቱ ተይዞ ከሆነ ስለ ኪሳራ ከማውራት በፊት ስለ ቀን መቁጠር ይወራል። ከዚያ አራጣ። ይህን ስትጠይቅ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም፤ ብልኅነት ነው። ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፤ አራጣ አበዳሪው ግን ወለዱን ዋናው ላይ ደርቦ ስለሚያስፈርም ወረቀቱ ንጹሕ ብድር ይመስላል። በእጅህ የገባው ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃና ወረቀቱ ላይ ያለውን ገልብጦ የሚጽፍ ጠበቃ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

«ዕቁብስ?» አለች። አጎቴ እኔን አየኝ። እሷም አየችኝ። «ወንድሜ፣ ከታች ሻይ አለ፤ ጥቂት ብቻችንን ብንሆን?»

ወጣሁ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ቀን ከሠራችው ሁሉ ይኼኛው ይበልጥብኛል። ሰው ዕዳውን ከዘመዱ ፊት አይናዘዝም። በደጋው አገር፣ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር በምትባልበት ዘመን፣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰር ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ «በዓይነ ቁራኛ» የሚለው ቃልና ዕፍረቱ ግን አሁንም አብረውን አሉ። ሥሩ ላይ ያለው ሰርገኛ የሚገኘው ይህ ዕፍረት ከተነሣ በኋላ ነው።

ስመለስ የአበዳሪዎቹ ዝርዝር ከሰባት ወደ አሥራ ዘጠኝ አድጎ ነበር።

ቀጥላ የጠየቀችው ነጋዴ ነው ወይስ ገበሬ የሚለውን ነው፤ ሞኝ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ግን በዙሪያችን ያለ ሰው ብዙው ሁለቱንም ነው፤ የኪሳራ ሕግ ደግሞ የነጋዴ ሕግ ነው። ንግድ ፈቃድ የሌለው፣ አርሶ የሚበላ ሰው ዕዳው ቢከብደው በሌላ በር ይገባል፤ በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ ያረሰበት በሬና ዘሩ እንዳይነኩበት የሚያደርግ ሕግ አለው፣ መሬቱም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አይሸጥም። እህል ተራ ላይ «ከሠርሁ» የሚል ሁሉ በሕግ ከሣሪ አይደለም።

አጎቴ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ የኪሳራ ማመልከቻ ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ «ዛሬ ይህን አልጽፍም» አለች። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍያ ያቆመ ነጋዴ በ15 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት እንዲያሳውቅ ያዝዝ ነበር፤ ብዙ ነጋዴም ፍርድ ቤት ሲባል መቃብር ይመስለዋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሳይወድቁ በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የማደራጀት መንገድ ከፍቷል። ይህን መንገድ ሳያነሣ በቀጥታ ወደ ኪሳራ የሚነዳ ጠበቃ የድሮውን ሕግ ብቻ ይዞ የቀረ ነው። እሷ በሽማግሌ እንዲሞከር ፈለገች፤ ግን በቃል ሳይሆን ሁሉም አበዳሪ በፈረመበት ጽሑፍ። ለአንዱ አበዳሪ ተደብቆ የሚከፈል ነገር እንዳይኖርም አስጠነቀቀች። ካልሆነ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ የኪሳራን ጉዳይ የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን ምን ለዚያ ነው የሰጠው። ጉዳዩን ወረዳ ፍርድ ቤት እንክፈት የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ለሌላ ጉዳይ ያዙት።

በ2005 ዓ.ም. ገደማ ሆላንድ ካር የኪሳራ ማመልከቻ ይዞ ፍርድ ቤት መቅረቡ አዲስ አበባን አነጋግሮ ነበር። «ዓባይ» የሚባል መኪና ይገጣጥም የነበረው ድርጅት ነው። ትልቁም ትንሹም የሚያቀርበው ያው ነው፤ ሒሳብ፣ የአበዳሪ ዝርዝር፣ የንብረት ቆጠራ። እሷም ለሚቀጥለው ማክሰኞ አጎቴን ያዘዘችው ይህንኑ ነው። ንግድ ፈቃዱን፣ የባንክ መግለጫውን፣ የዱቤ ደብተሩን፤ ደብተሩ ቢቀደድም እንዳይገለብጠው፣ እንዳለ እንዲያመጣው።

ክፍያዋን በጽሑፍ ውል ነገረችን። እንደምታሸንፍ አልነገረችንም።

ልንወጣ ስንል ወረቀቱን ለአጎቴ እንዲያነብ ሰጠችው። በትከሻው አሻግሬ አየሁ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የእኔ ስም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የሰጠሁት ሃያ ሺህ ብር ነው፤ ለባለቤቴም አልነገርኋትም።

«ሰነድ አለዎት?» አለችኝ።

የለኝም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ ለማስረዳት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ከአጎቴ ምን ብዬ ወረቀት ልቀበል? ምን ባደርግ ይሻላል ብዬ ጠየቅኋት።

እስክሪብቶዋን ከደነችው። «እኔ የእሳቸው ጠበቃ ነኝ» አለች። «እርስዎ ሌላ ጠበቃ ይያዙ።»