በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚመራ የልብ ምርመራና ስለ ወለጋ ከተሞች የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በሚያሳትመው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ጥናቱ ካፕሽን ሄልዝ የተባለ ኩባንያ ስለ ሠራው፥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚመራ የልብ አልትራሳውንድ የሚናገር ነው። እኛም ለነቀምትና ለቀሩት የወለጋ ከተሞች ምን ያህል እንደሚበጅ ልንመረምረው ወደድን።

ከዚያ በፊት አልትራሳውንድ ይዘው የማያውቁ 8 ነርሶች እያንዳንዳቸው 30፥ በድምሩ 240 ሕሙማንን መረመሩ። እጃቸውን ወዴት ማዘንበል፥ የትስ ላይ ማቆም እንደሚገባቸው መሣሪያው ራሱ ይነግራቸው ነበር። የልብን የግራ ክፍል ስፋት፥ ደም የመርጨት ኃይሉን፥ በልብ ዙሪያም ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ለመለየት ያነሡት ሥዕል ከመቶ በ98.8ቱ ሕሙማን ዘንድ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ለቀኙ ክፍል ስፋት ደግሞ በ92.5ቱ። ይህን ማቃለል አይገባም። ከደምቢ ዶሎ ተነሥቶ ለልብ ምርመራ እስከ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሕመምተኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ነገር ግን የጥናቱ ዋና ጥያቄዎች እነዚሁ አራቱ ብቻ ናቸው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን አብዝቶ የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ይኸውም ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ፥ በቤት ውስጥ ጉንፋን ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆለት ሲታለፍ፥ ውሎ አድሮ ቫልቮች የተባሉትን የልብ በሮች የሚያበላሽ ነው። የእነዚህ በሮች ማፍሰስ ከአራቱ ጥያቄዎች ውስጥ የለም። ደግሞም ነርሶቹ ሥዕሉን አነሡ እንጂ ፍርዱን የሰጡት የልብ ምርመራ ሊቃውንት ነበሩ። እንግዲህ ነርስና መሣሪያ ብቻ ይበቃሉ የሚሉ ሰዎች ጥናቱ ያላለውን ይናገራሉ።

ሥዕሉን በመስመር ለሩቅ ሐኪም እንልካለን ይባል ይሆናል። መሣሪያው የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ነው። በዚያው ወር በወለጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክም ጭምር። መዘጋቱ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ቆየ። ስለዚህ ያለ መስመር የማይሠራ ማናቸውም መሣሪያ ለዚህ አገር ገና አልተፈተነም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ያለው ነው። በሰሜን ዩጋንዳ ሕመሙ በአልትራሳውንድ ብቻ የታየባቸው 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመት ተጠበቁ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ታወቀ፤ በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት ሕመሙ የባሰባቸው ከመቶ 0.8 ሲሆኑ፥ ካልተወጉት ግን 8.2 ነበሩ። እኛ ከ98.8 ይልቅ ይህን ቁጥር እናስቀድማለን፤ መርፌው ካልተከተለ ምርመራው ለወላጅ ጭንቀት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነውና።

በነቀምት የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በትምህርት ቤቶች ሊፈትን ቢነሣ፥ የጠራውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የተወጋውን መርፌ እንዲቈጥር እንጠይቃለን። አንድ ልጅ በዓመት 13 ጊዜ መወጋት ያስፈልገዋል። ከነጆ ወይም ከመንዲ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ስንት ሳምንት ተዘግቶ እንደ ነበረም በዚያው መዝገብ ቢጻፍ መልካም ነው።