በሆቴል ጣሪያ የተሰቀለ መሶብ

ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆ፣ በዓለም ጤናና በመቂ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ ዛሬ የመዝናኛ ሆቴሎች መንገድ ሆኗል። ከነዚህ ሆቴሎች አንዳንዶቹ ሲታደሱ ለምግብ አዳራሻቸው በልዩ ትእዛዝ የተሠራ መብራት ይሰቅላሉ። መብራቱ የአገር ባህል እንዲታይበት ሲታዘዝም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም መሶብ ወይም አገልግል ይገለበጣል፣ መቀመጫው ይበሳል፣ በቀዳዳው ሽቦ አልፎ አምፑል ይንጠለጠልበታል።

ሐሳቡ በራሱ አይነቀፍም። የጥንቱ አምፑል ከሚወስደው ኀይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ስለ ነበር ሣሩን ባሳረረው ነበር፤ ያን ያህል የማይሞቀው ኤል ኢ ዲ ይህን ችግር አቃሎታል። ጉድለቱ ያለው ከስፌቱ ነው። መሶብ በአክርማና በስንደዶ ተጠብቆ የሚሰፋው እንጀራ ሊይዝ እንጂ ብርሃን ሊያሳልፍ አይደለም። የቆላው ከብት አርቢ የወተት ዕቃ፣ ጮጮው፣ ከዚህም ይጠብቃል፤ ወተት የማያፈስ ስፌት ብርሃንም አያፈስም። ስለዚህ ሰፊዋ ለዐይን ያዘጋጀችው የውጭው ጌጥና ቀለም ሲመሽ ከጨለማ ይቀራል። እንግዳው ቀና ቢል የሚያየው የመሶቡን ሆድና ዕራቁቱን አምፑል ነው፤ ብርሃኑም ቀጥ ብሎ ወርዶ ከሳሕኑ ላይ ሲያርፍ የተቀማጮቹ ፊት ይጠቁራል።

በቤት ልማድ ግን ብርሃን ለፊት ነው። ኩራዙ ወይም ፋኖሱ ከሰዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲበራም ቀኑን አብረው የዋሉት እንኳ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላሉ። የሆቴሎቹ ነዳፊዎች ከአገሩ ቤት የራቱን ዕቃ ወሰዱ እንጂ የመብራቱን ሥርዐት አልጠየቁም።

በዓለም ጤና አካባቢ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋዋት ያህል ማመንጨት ሲጀምር ኀይሉ በረጅም ሽቦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ውሃው ግን የጅሌ ኦሮሞ ከብት የሚሰማራበትን ሜዳ ሸፈነ። በሐይቁ ዳር ባሉ የገጠር ቤቶች ኩራዝ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን አልጠፋም። የዚህን አገር ዕቃ ለጌጥ የሚሰቅል ሁሉ ከዕቃው ጋር የሠሪዎቹንም ምክር መግዛት ይገባው ነበር።

ሠሪው ብርሃኑን ከመጀመሪያው ሲያስብበት ምን እንደሚገኝ ለማየት፣ ሆቴል ባይሆንም፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ታድሶም በ2017 ዓ.ም. ዳግም የተከፈተውን የአዲስ አበባውን የአፍሪካ አዳራሽ መመልከት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የሚያነቃው በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ባያልፍበት ሥዕሉ ባልታየ ነበር።

ስፌት ዐዋቂዋም እንዲሁ ብትታዘዝ፣ ማለት ያለቀለት መሶብ ተገዝቶ ከሚበሳ አምፑሉ በእጇ ተሰጥቷት ስንደዶውን እያሳሳች፣ በየዙሩ ክፍተት እየተወች በዙሪያው እንድትሰፋ ቢደረግ፣ ከጣሪያ የሚሰቀል ሳይሆን ከገበታው መካከል የሚቀመጥ መብራት ትሠራ ነበር። ዋጋው ከመሶብ ዋጋ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም፤ አዲስ ዕቃ ነውና።