ርካሽ ቴሌስኮፕና የከሚሴ ሰማይ

በከሚሴ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኖ የሚኖር ሰው፣ ማታ ማታ ሰማይን በመነጽር እንደሚመለከት አንድ ጊዜ ከታወቀበት ወዲያ፣ በገበያም በመንገድም የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው። «መምህር፣ ልጁ ቴሌስኮፕ ካልተገዛልኝ እያለ አስቸገረን፤ አጎቱ ከዐረብ አገር ሲመለስ ሊያመጣለት ነው፤ ያ በካርቶን የሚሸጠው ርካሹ ይጠቅማል ይላሉ ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ መልሱ ዕቃው እንደሚቆምበት ምድር የሚለዋወጥ ነውና፣ በሎንዶን ለሚኖር ጀማሪ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ወስዶ ከሚሴ ላለችበት ለቦርከና ሸለቆ ነዋሪ መስጠት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ርካሹ መነጽር ይጠቅማል፤ ባለቤቱን የሚያሳፍረውም አብዛኛውን ጊዜ በብርጭቆው ሳይሆን በእግሩ ነው።

ወደ እግሩ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ካርቶኑ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የማታለሉ መጀመሪያ እርሱ ነውና። በብዙዎቹ ላይ በትልቅ ፊደል «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የሚያስደንቀው ነገር ቁጥሩ በሒሳብ ረገድ ትክክል መሆኑ ነው፤ የመነጽሩ የትኩረት ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዓይን በኩል የሚገባው ምስሪት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 700 ለ4 ሲካፈል 175 ይሰጣል፤ በመካከል ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ሌላ ምስሪት ሲጨመር ደግሞ 525 ይሞላል። ነገር ግን አንድ መነጽር በእውነት ሊያጎላ የሚችልበት ወሰን የሚለካው በፊተኛው ምስሪት ስፋት ሲሆን፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀው ልክ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መነጽር ከ140 ጊዜ ካለፈ በኋላ ምስሉ ይገዝፋል እንጂ አንዳች አዲስ ነገር አይገለጥበትም፤ ጨረቃይቱም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ሆና ትታያለች። ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የፊተኛውን ምስሪት ስፋት ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ እጅግ ሲሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ምስሪት ከዚህ ዐሥር ጊዜ ስለሚሰፋ የሚሰበስበው ብርሃን መቶ እጥፍ ይሆናል። ይህ ትንሽ ጸጋ አይደለም፤ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘባቸው መነጽሮች የብርጭቆአቸው ጥራት ዛሬ በካርቶን ከሚሸጠው ያነሰ ሲሆን፣ የሚያጎሉትም ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና በ325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ኬክሮስ የምትገኝ ናት። ከዚህም የተነሣ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የሚመላለሱበት የሰማይ ጎዳና በአናታችን ትይዩ ያልፋል፤ አንድ ፕላኔት ወደ ደቡብ እጅግ ባዘነበለበት ዘመን እንኳ፣ መካከለ ሰማይ ሲደርስ ከአድማስ በላይ ከ55 ዲግሪ እምብዛም አያንስም፤ በሎንዶን ግን ያው ፕላኔት ከ15 ዲግሪ እምብዛም ከፍ ሳይል በጢስና በጉም መካከል ተጉዞ ይጠልቃል። አየሩን በአጭር መንገድ አቋርጦ የሚደርስ ብርሃን የጠራ ነውና፣ በዚህ ረገድ በአካባቢያችን ያለው የአርጡማ ፉርሲ ወይም የደዋ ጨፋ ገበሬ ልጅ ከአውሮፓ ባለጠጋ ይልቅ የታደለ ነው። በዚያ ላይ ደቡብ መስቀልን ከነጎረቤቶቹ ደማቅ ከዋክብት፣ የሰሜኑንም ድብ በአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት ለብዙው የዓለም ሕዝብ ያልተሰጠ ዕድል ነው።

ታዲያ ለብርጭቆው በረከት የሆነው ይህ ከፍታ ለእግሩ መከራ ይሆናል። ከርካሽ መነጽር ጋር የሚመጣው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራና ተራራና ሕንጻ ለመመልከት የሚበቃ እንጂ ወደ አናት ለማነጣጠር የታሰበ አይደለም፤ ቱቦው ወደ ላይ ሲቃና ኋለኛው ጫፍ ከእግሮቹ ጋር ይጋጫል፤ ተመልካቹም በጉልበቱ ተንበርክኮ አንገቱን መስበር ግድ ይሆንበታል፤ ብሎኑ ቢጠብቅም ክብደቱን ስለማይችለው ቱቦው ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ምድር ደግሞ አትጠብቅም፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ 35 ጊዜ በሚያጎላ ምስሪት የተያዘ ፕላኔት ከመስኮቱ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ያህል ሲፈጅበት፣ በዚያ በ525ቱ ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይሰወራል። መቆሚያው በተነካ ቁጥር ለብዙ ሴኮንድ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ንቅጥቃጤው በረደ ሲባል ጁፒተር ሄዷል። ልጁ መነጽሩን አልጋ ሥር ሲጥለው ሰው ሁሉ «ብርጭቆው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላል፤ ብርጭቆው ግን ንጹሕ ነበረ።

ነጋዴው ለዚህ መድኃኒት ነው ብሎ ኢኳቶሪያል የሚባለውን፣ የብረት ሚዛን የተንጠለጠለበትን መቆሚያ ዋጋ ጨምሮ ያቀርባል። የዚህ መሣሪያ ምሥጢር አንደኛውን ዘንግ ወደ ሰሜን ዋልታ አቅንቶ የምድርን መዞር በአንድ እጅ መከተል ሲሆን፣ ዋልታው ከአድማስ በላይ የሚቆመው በቦታው ኬክሮስ ልክ ስለሆነ በከሚሴ 11 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ዘንጉ ለመጋደም ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ለሰሜን አገሮች ታስበው የተሠሩት ብዙዎቹ ትንንሽ መቆሚያዎች እስከዚህ ዝቅ አይሉም፤ ዝቅ ቢሉም ሚዛኑ ከእግሩ ጋር ይላተማል፤ የዋልታው ኮከብም ከኮረብታና ከአቧራ ጀርባ ሆኖ በግልጽ የሚታየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ለአካባቢያችን ጀማሪ ይህን መግዛት ከፍሎ መከራ መሸመት ነው እላለሁ፤ በዚህ ቃሌ የሚቀየም ነጋዴ ቢኖር ይቀየም።

የሚሻለው መድኃኒት ከአናጢ ቤት ይገኛል። ጆን ዶብሰን የተባለ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሂንዱ ገዳም የኖረ አሜሪካዊ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ ላይ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማይን በነጻ ሲያሳይ የተጠቀመበት መቆሚያ ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ብቻ ነበረ፤ ከሥሩ በአንድ ወፍራም ብሎን ላይ የሚሽከረከር ክብ መቀመጫ አለው፤ በሁለቱ ጎኖቹም የቱቦው ክብ ጆሮዎች የሚያርፉባቸው በግማሽ ክብ የተቦረቦሩ ቦታዎች አሉ። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ የከሚሴ አናጢ ይህን በትርፍራፊ ጣውላ ለመሥራት ንድፉን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል፤ የእኔም መነጽር የሚቀመጠው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ቱቦው ረጅም ከሆነ ሣጥኑን ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከድንጋይ አጥር ላይ ማዋል፣ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚመልሰውንም ትንሽ መስተዋት መግጠም ያሻል። ወደ አናጢ መሄድ ያልፈለገ ሰው ቢያንስ የመቆሚያውን እግሮች ሳያስረዝም ያቁማቸው፤ ከመካከላቸውም አሸዋ የሞላ ከረጢት ያንጠልጥል።

ይህ ከተደረገ በኋላ የሚታየው ነገር ለዋጋው እጅግ የበዛ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ለጥ ያለች ሆና ትታያለችና ጀማሪዎች የሚመርጡት ያ ሌሊት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ግማሽ በሆነች ጊዜ ግን፣ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ የተራሮቹ ጥላ ስለሚረዝም፣ ጉድጓዶቿና ሸንተረሮቿ ተለይተው ይወጣሉ። የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ከማታ እስከ ንጋት ቦታ ሲለዋወጡ መመልከት ይቻላል። በአፋን ኦሮሞ በከልቻ የምትባለው አጥቢያ ኮከብ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ ትገኛለች። የሳተርን ቀለበት 30 ጊዜ ያህል በሚያጎላ ምስሪት ይለያል፤ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ግን ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ እኛ ዞሮ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን መነጽር የገዛ ሰው ቀለበት አልባ ሳተርን አይቶ ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም፤ ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1612 ይኸው ነገር ገጥሞት ተደናግሯል። አሁን ቀለበቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተገለጠ ነው።

የማይታየውንም መናገር ግድ ነው። በካርቶኑ ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሣሉት ደመናማ ከዋክብት ለረጅም ሰዓት ብርሃን ያጠራቀመ ካሜራ ያነሣቸው ናቸው፤ በዓይን ሲታዩ ግራጫ ጭጋግ ናቸው። በእንጦጦ ተራራ ላይ የቆሙት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ስላላቸው፣ ከ70 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ 200 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባሉ፤ የእነርሱን ሥራ ከዚህ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለ ወቅቱ ብዙ አልናገርም፤ ክረምቱ ደመና ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ መልካም ነው፤ በከሚሴ ዙሪያ ያለው የጨፋ ሜዳ ቀን የጠጣውን ሐሩር ማታ ስለሚተፋም ኮከቡ የሚረጋው ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ነው።

አንድ ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሽማግሌዎች አሉና። «በዚህ መነጽር የረመዳንን ሂላል እንመልከትበት ወይ?» ይላሉ። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ካልራቀች የብርሃን ክሯ አይታይም፤ ብትርቅም የምትገኘው ገና ቀይ ብርሃን ባልለቀቀው ምዕራባዊ ሰማይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በከሚሴ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ የደጋው ተረተር ቆሞ የአድማሱን ብዙ ዲግሪ ይወስዳል። መስኮቱ የጠበበ ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለችውን ቀጭን ጨረቃ ፈልጎ እስኪያገኛት ትጠልቃለች፤ ለዚህ ሥራ ባይኖኩላር የሚባለው፣ 7 ጊዜ የሚያጎላውና 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር እጅጉን ይበልጣል፤ ፀሐይ ፈጽማ ሳትጠልቅ ግን እርሱንም ወደ ምዕራብ ማቅናት አይገባም። ካህናቱ በበኩላቸው አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው የወርኅን ሠርቅ በባሕረ ሐሳብ ይቆጥራሉ፤ ለዚህ ሐሳብ ከሚጠቅሷቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው አቡሻክር ግብፃዊ ክርስቲያን በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ጽፎት ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። አንዱ በዓይኑ ይፈልጋታል፣ ሌላው በቁጥር ይጠብቃታል፤ ጨረቃይቱ ግን ያችው ናት።

እንግዲህ ገንዘቡ አነስተኛ ለሆነ ሰው ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ፣ አስቀድሞ በባዶ ዓይን ኦሪዮንንና ሰባቱን ከዋክብት ለይቶ ይወቅ፤ ቀጥሎ ባይኖኩላር፣ ከዚያ በኋላ 70 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ስፋት ያለው መነጽር ከተራ መቆሚያ ጋር ይግዛ፤ ምስሪቶቹም ባለ 20ና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ይሁኑለት፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩንና ሦስት እጥፍ የሚያጎላውን ከካርቶኑ ሳያወጣ ይተዋቸው። ከ60 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን መጫወቻ ግን በነጻ ቢሰጡትም አይቀበል። የባቲና የሰንበቴ፣ የከሚሴም ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ መነጽር ቢገዙ፣ አናጢም ሣጥኑን ቢሠራላቸው፣ ዋጋው ከአንድ መካከለኛ የእጅ ስልክ ብዙ አይበልጥም፤ በአንድ ልጅ ቤት አልጋ ሥር ከሚያድርም በመቶ ልጆች ዓይን ፊት ቢያልፍ ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ፀሐይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና የታየችበትን ግርዶሽ ብዙው ሰው ያስታውሰዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን የሚያልፍ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ በከፊል ይታያል። ከአንዳንድ ርካሽ መነጽሮች ጋር፣ በዓይን ምስሪት ላይ የሚጠመዘዝ «ለፀሐይ» የተባለ ጥቁር ብርጭቆ ይመጣል፤ ይህ ብርጭቆ የተሰበሰበው ሙቀት ከሚያርፍበት አጠገብ ስለሚቀመጥ በድንገት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ዕለትም ዓይን ይጠፋል። ፀሐይን ለማየት ከቱቦው ፊት የሚገጠም ለዚሁ የተሠራ መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ያም ከሌለ ምስሏን በነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ መመልከት ይበቃል። ቤትዎ መነጽር ያለ እንደሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ካርቶኑን ዛሬውኑ ከፍተው ያንን ጥቁር ብርጭቆ ይፈልጉ፤ ካገኙትም ልጅ ሳያየው ሰባብረው ይጣሉት።